መጀመሪያ መኪናው፣ ከዚያ መጥረጊያው

ይህን የምጽፈው የሰፈሩን ገበያ ለማጽዳት አስቦ ከየት እንደሚጀምር ለጨነቀው ሰው ነው። እኔና ጓደኞቼ ገበያችንን በዘመቻ ያጸዳነው ሁለት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ዘመቻ ገበያውን ከነበረበት አባሰው። ሁለተኛው ተሳካ። በሁለቱ መሃል አምስት ወር አለ። እኛን ያስከፈለን ስህተት እናንተንም እንዳያስከፍላችሁ ብዬ ሳልደብቅ ልናገር።

ነገሩ የጀመረው በዝናብ ወቅት ነው። ለዓመታት የምገዛበት ገበያ ነው። ሲዘንብ ቅጠሉ፣ ፌስታሉና ጭቃው አንድ ላይ ይቦካል። ሰዉ ልብሱን ሰብስቦ እየዘለለ ነው የሚያልፈው። አንድ ቀን ከፊቴ ስትሄድ የነበረች ነፍሰ ጡር ሴት ተንሸራታ ወደቀች። ደግነቱ ምንም አልሆነችም። እኔ ግን ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በነጋታው ለጓደኞቼ ደወልኩ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ስልሳ ሰው ተመዘገበ።

እሁድ ጠዋት ተሰባሰብን። መጥረጊያ አለ፣ አካፋ አለ፣ ጓንት አለ፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ቲሸርት አሳትመናል። ሰዉ በሙሉ ልቡ ነው የሠራው። እስከ ቀትር ድረስ የገበያውን መተላለፊያዎች ጠርገን ቆሻሻውን በታችኛው በር አጠገብ ከመርነው። ክምሩ ከሰው ቁመት በለጠ። ፎቶ ተነሳን፣ ተቃቀፍን። ከዚያ መኪና መጠበቅ ጀመርን።

መኪናው አልመጣም። ከአንድ ቢሮ የሚሠራ ሰው «እልክላችኋለሁ» ብሎኝ ነበር፤ በቃል። ስልኩን ብደውል አይነሳም። አስር ሰዓት ሲሆን ሰዉ አንድ በአንድ ሄደ። ክምሩ እዚያው አደረ። ሰኞም እዚያው ዋለ። ውሾች በታተኑት፣ ዝንብ ወረረው። ረቡዕ ሌሊት ከባድ ዝናብ ጣለ። ክምሩ ተንዶ ከስሩ ያለውን የፍሳሽ ቦይ ደፈነው። ውሃው መውጫ ሲያጣ ወደ ታችኞቹ መደቦች ገባ። ስምንት ሻጮች ዕቃቸው ተበላሸባቸው። ለመርዳት ወጥቼ የሰው እንጀራ ላይ ጉዳት አደረስኩ። ይህን ስጽፍ ዛሬም ያመኛል።

የቆሻሻ መድፊያው ራሱ እሁድ ዝግ እንደሆነ የሰማነው በኋላ ነው። ሰውየው ቢፈልግም መኪናው የሚሄድበት ቦታ አልነበረም። እኔ ስለ ሰው፣ ስለ መጥረጊያ፣ ስለ ቲሸርት ስጨነቅ ቆሻሻው ከተሰበሰበ በኋላ የት እንደሚሄድ አልጠየቅኩም። ስለዚህ እባካችሁ ቀኑን ከመቁረጣችሁ በፊት ይህን አድርጉ። መድፊያው በዚያ ቀን ክፍት መሆኑን ራሳችሁ ሄዳችሁ አረጋግጡ። የመኪናውን ነገር በደብዳቤ ጨርሱ። የኃላፊውን ብቻ ሳይሆን የሾፌሩን ስልክ ያዙ። በዋዜማው ማታ ደውሉለት። ደግሞም የመጀመሪያው ቢቀር የሚመጣ ሁለተኛ መኪና አስቀድማችሁ አናግሩ።

ምን ያህል መኪና እንደሚያስፈልግ መገመትም ይቻላል። ይወጣል ብላችሁ የምታስቡትን ክምር ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሜትር አባዙ። የክምር ጎን ስለሚያዘነብል ውጤቱን ለሁለት አካፍሉት። 10 ሜትር ርዝመት፣ 3 ሜትር ወርድና 1.5 ሜትር ቁመት ያለው ክምር 22 ሜትር ኪዩብ ገደማ ይሆናል። 8 ሜትር ኪዩብ የሚይዝ መኪና ሦስት ጊዜ መመላለስ አለበት ማለት ነው። ለአንድ ምልልስ መጫኛውን፣ መንገዱንና መድፊያውን ደምሩና ሰዓቱን አስሉ። ከቦይ የወጣ ጭቃ ካለ ደግሞ ተጠንቀቁ። አንድ ሜትር ኪዩብ ውሃ ብቻውን 1,000 ኪሎ ይመዝናል፤ ጭቃ ከዚያ ይበልጣል። መኪናውን እስከ አፉ ከሞላችሁት አይችለውም።

ሌላም ስህተት ነበር። ከገበያው ጀርባ አስራ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ የውሃ ፕላስቲክ ተደርድሮ አገኘን። ቆሻሻ መስሎን ከክምሩ ጋር ቀላቀልነው። ለካ የአንድ ልጅ ንብረት ነው። ፕላስቲክ እየለቀመ በመሸጥ ነው የሚተዳደረው። የሁለት ሳምንት ልፋቱን ነው የጣልንበት። ልጁ ሰኞ ጠዋት መጥቶ ከክምሩ ውስጥ ፕላስቲኩን አንድ በአንድ ሲያወጣ ያዩት ሻጮቹ ናቸው የነገሩን። አዋጥተን ካስነው፤ ግን ያን ጠዋት ልንመልስለት አልቻልንም። ገበያ ውስጥ የተቀመጠ ነገር ሁሉ ባለቤት እንዳለው አስቡ። ባዶ ካርቶን፣ የተሰበረ ሳጥን፣ አሮጌ ሸራ፣ ሁሉም። ሳትጠይቁ ምንም አትጣሉ።

ሦስተኛው ስህተት ፎቶው ነው። «ከማጽዳታችን በፊት» ብለን ያሰራጨነው ፎቶ ላይ አንዲት ሻጭ በቆሻሻ መሃል ተቀምጣ በግልጽ ትታያለች። ልጇ ትምህርት ቤት ውስጥ ተሰደበባት። ፎቶውን ወዲያው አጠፋነው፤ ሄደንም ይቅርታ ጠየቅናት። ፎቶ ስታነሱ መሬቱን አንሱ፣ ቦዩን አንሱ። የሰው ፊት ግን ያለፈቃዱ አታንሱ።

ከወር በኋላ ድፍረት አግኝቼ ውሃ ወደ መደባቸው የገባባቸው አንዲት አትክልት ሻጭ እናት ጋ ሄድኩ። ዕድሜያቸው የእናቴ ነው።

«እናቴ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት» አልኳቸው።

«ተቀመጪ ልጄ» ብለው አንድ ሳጥን ገልብጠው ሰጡኝ። ደንበኛ እስኪሸኙ ጠበቅኳቸው። ከዚያ በእጃቸው የያዙትን የተላጠ ቅጠል አሳዩኝ። «እስቲ ይህን የት ልጣለው? አንቺ ንገሪኝ። ገንዳው ያለው መንገዱን ተሻግሮ ነው። ዕቃዬን ለማን ጥዬ ልሂድ?»

መልስ አልነበረኝም። ተነስቼ ከመደባቸው እስከ ገንዳው በእግሬ ቆጠርኩ። 340 እርምጃ ነው፣ መሃሉ ላይ መኪና የሚበዛበት መንገድ አለ። ስመለስ እየሳቁ «አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ» አሉኝ። «ማንም ቆጥሮት አያውቅም።»

ያን ቀን ከአንድ ሰዓት በላይ አወሩልኝ። ቆሻሻ የሚያነሳው መኪና የሚመጣው ጠዋት ነው፤ እሳቸው ገና ዕቃ ሲዘረጉ። ቆሻሻው የሚበዛው ግን ማታ ገበያው ሲበተን ነው። ስለዚህ ሌሊቱን መሬት ላይ ያድራል፣ ይበተናል፣ ወደ ቦዩ ይገባል። ውሃው የሚታነቀው እኛ ያጸዳነው ላይኛው ቦይ ላይ እንዳልሆነም ነገሩኝ። ታች፣ መንገዱ ስር ያለው ቱቦ አፍ ላይ ነው። «ስልሳ ሰው ስትመጡ አንዳችሁ እንኳ ብትጠይቁን ይህን እንነግራችሁ ነበር» አሉኝ። ለእኔ ነገሩ ሁሉ የተለወጠው እዚያ ሳጥን ላይ ነው። ችግሩ የሻጮቹ ስንፍና ይመስለኝ ነበር። ርቀትና ሰዓት ነበር።

ስለዚህ ሁለተኛውን ዘመቻ በጥናት ጀመርን። ለሦስት ሳምንት ሦስት ሆነን ደብተር ይዘን በገበያው ዞርን። በጠዋት፣ በቀትርና ማታ። ቆሻሻ የሚጠራቀምባቸውን ቦታዎች በእጅ በሣልነው ካርታ ላይ ምልክት አደረግን። ይህን ሐሳብ ያገኘሁት ከኢስቶኒያ ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ 50,000 የሚሆኑ ሰዎች በአንድ ቀን ወደ 10,000 ቶን የሚጠጋ ሜዳ ላይ የተጣለ ቆሻሻ አንስተዋል። ስለ ቀኑ ብዙ ይወራል። እኔን የሳበኝ ግን ከቀኑ በፊት የሠሩት ነው፤ በጎ ፈቃደኞች ወራት ወስደው ቆሻሻው ያለበትን ቦታ ሁሉ በካርታ ላይ መዝግበው ነበር። ዓለም አቀፉ የጽዳት ቀን የተወለደው ከዚያ እንቅስቃሴ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ሴፕቴምበር 20 ቀን የዓለም የጽዳት ቀን እንዲሆን ወስኗል።

ካርታው ብዙ ነገር አሳየን። ከቆሻሻው አብዛኛው የአትክልትና የፍራፍሬ ተረፈ ምርት ነው። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከሚጣለው ቆሻሻ 44 በመቶው ምግብና ቅጠላ ቅጠል ነው፤ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ደግሞ 56 በመቶ ይደርሳል። አትክልት ገበያ ውስጥ ከዚህም ሊበዛ እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ይህ ማለት ግማሹን መኪና ላይ መጫን ላያስፈልግ ይችላል። እኛ ንጹሁን ቅጠል ለብቻ ለይተን በአቅራቢያው ላለ የችግኝ ጣቢያ ለብስባሽ ማዳበሪያ ሰጠን። ለከብት የምትሰጡ ከሆነ ግን ፌስታል እንዳይቀላቀልበት አደራ። ፌስታል የዋጠች ላም ጨጓራዋ ሊዘጋና ልትሞት ትችላለች።

ብስባሽ ማዘጋጀት ለምትፈልጉ አንድ ነገር ልጨምር። እርጥቡን ቅጠል ብቻውን ከከመራችሁት ይሸታል። ከደረቅ ሣር፣ ከጭድ ወይም ከተቀደደ ካርቶን ጋር ንብብር በንብብር አድርጉት። ክምሩ ቢያንስ አንድ ሜትር ርዝመት፣ ወርድና ቁመት ከሌለው በደንብ አይሞቅም። በየጊዜው ማገላበጥም አይቀርም።

ቀጥሎ ቀኑን መቁረጥ ነው። የመጀመሪያውን ጊዜ ለእኛ በሚመች ቀን ነበር የወጣነው። እሁድ እኛ ዕረፍት ነን፤ ሻጮቹ ግን በደንብ የሚሸጡበት ቀን ነበር። በዚህኛው ዙር ጠየቅናቸው። ገበያው የሚቀዘቅዘው ማክሰኞ እንደሆነ ነገሩን። ማክሰኞ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት እንድንሠራ ተስማማን። መሬት ላይ ዘርግተው የሚሸጡት አንድ ስጋት ነበራቸው። ቦታቸውን ለቀው ሲመለሱ ሌላ ሰው ቢይዝባቸውስ? እውነታቸውን ነው። ስለዚህ በዋዜማው ከራሳቸው ጋር ሆነን የእያንዳንዱን ቦታ ወሰን በኖራ አሰመርን፤ የስም ዝርዝርም ያዝን። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ያለ እሱ ግን ግማሾቹ ባልተነሱልን ነበር።

ከዘወትር ጽዳት ሠራተኞቹ ጋርም ተነጋገርን። መጀመሪያ ላይ አንዳቸውንም አላማከርንም ነበር። ገበያውን ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የትኛው የቦይ ክዳን ይነሳል፣ የትኛው ከተነሳ ይሰበራል፣ የተሰበረ ጠርሙስ የት ይበዛል፣ ሁሉን ነገሩን። እነሱ የመጡት ሥራቸው ሆኖ ስለሆነ የውሎ አበል ከመዋጮው ከፈልናቸው። ለእናንተ በጎ ፈቃድ የሆነ ነገር ለሌላው እንጀራው መሆኑን አትርሱ። ፕላስቲክ የሚለቅመው ልጅም ከሁለት ጓደኞቹ ጋር መጣ። የወጣው ፕላስቲክ፣ ቆርቆሮና ካርቶን በሙሉ የእነሱ እንዲሆን ተስማማን። ማንም እንደ እነሱ ፈጥኖ አልለየም።

ስለ ጤና የምለውን እባካችሁ በጥሞና አንብቡት። እዚህ ላይ ስህተት መሥራት የሰው አካል ያስከፍላል።

ደረቅ አቧራ አትጥረጉ። ገበያ ባለበት አይጥ አለ። የአይጥ ሽንትና ዓይነ ምድር የነካው አቧራ ሲቦን በትንፋሽ ይገባል፤ ሃንታ ቫይረስን የመሰሉ በሽታዎች እንዲያ ነው የሚተላለፉት። መሬቱን መጀመሪያ ውሃ እርጩበት፣ ከዚያ ጥረጉ። የአይጥ ዓይነ ምድር በብዛት የተጠራቀመበት ቦታ ካለ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጡና አርሱት። አምስት ደቂቃ ቆይታችሁ በጓንት አንሱት። በአይጥ ሽንት የተበከለ ውሃ በቁስል በኩል ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባል በሽታ ያስይዛል። ስለዚህ እጁ ወይም እግሩ ላይ ቁስል ያለበት ሰው ቦይ ውስጥ አይግባ። ቦይ የሚገባው ቦቲ ጫማ ያደረገ አዋቂ ብቻ ነው። ልጆች በጭራሽ።

በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ። አሲድ ካለው የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል። አሞኒያ ካለው ጋር ደግሞ ሌላ መርዘኛ ጋዝ። ሁለቱም ሳንባ ይጎዳሉ። ደግሞም በረኪና ቆሻሻ ላይ በቀጥታ ቢደፋ ኃይሉ ይሞታል። መጀመሪያ በሳሙናና በውሃ እጠቡ፣ በረኪናው መጨረሻ ይምጣ። ትናንት የተበጠበጠውን ለዛሬ አትጠቀሙ።

መርፌና ስለታም ነገር አንድም ሰው በእጁ አያንሳ፣ ጓንት ቢያደርግም። ጓንት መርፌ አያቆምም። ረጅም መቆንጠጫና ክዳን ያለው ወፍራም የፕላስቲክ ዕቃ ያዙ። የሞላ ማዳበሪያን በእጅም በእግርም አትጠቅጥቁ። ስትሸከሙትም ከሰውነታችሁ አርቁት። በመጀመሪያው ዘመቻ አንድ ወጣት ማዳበሪያ በእግሩ ሲረግጥ የተሰበረ ጠርሙስ ጫማውን በስቶ ገባ። አራት ቦታ ተሰፋ። ሰው መርፌ ከወጋው ቦታውን ወዲያው በሳሙናና በውሃ ማጠብና በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ኤችአይቪ እንዳይይዝ የሚሰጠው መድኃኒት በሰዓታት ውስጥ ቢጀመር ነው የሚመረጠው፤ ከ72 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ሁሉም ተሳታፊ የቴታነስ ክትባት መውሰዱን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

እሳትም አትለኩሱ። «ፌስታሉን እዚሁ እናቃጥለው» የሚል ሰው አይጠፋም። የፕላስቲክ ጭስ ዳይኦክሲንን የመሰሉ መርዞች ሊኖሩት ይችላል፤ ከዚያም ውጭ ሸራና እንጨት የሞላበት ገበያ ውስጥ እሳት ማንደድ በራሱ አደጋ ነው።

ቀኑ ደረሰ። ገበያውን በስድስት ክፍል ከፍለነዋል። በየክፍሉ ስምንት ሰው፤ መሪው ግን ከእኛ ወገን አይደለም፣ እዚያው የሚሸጥ ሰው ነው። ከሁሉም ውሳኔያችን ይህ ይበልጥብኛል። ሻጩ ሲመራ ጎረቤቶቹ መጥረጊያ ይዘው ይወጣሉ። እኛ ስንመራ ቆመው ያዩን ነበር። ያቺ እናት የአትክልቱን ተራ መሩ። ድምፃቸው ከማንም ይሰማ ነበር።

ንግግር አላስረዘምንም። አምስት ደቂቃ ብቻ፤ ማን የት እንደሚሠራ፣ መርፌ ሲገኝ ማን እንደሚጠራ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥኑና የመታጠቢያው ውሃ የት እንዳለ። ከዚያ ሥራ።

ቦዩን ከታች ጀመርን። መንገዱ ስር ካለው ቱቦ አፍ ተነስተን ወደ ላይ። ታችኛው ሲከፈት ውሃው እየሄደ ይጠብቃችኋል። ከላይ ከጀመራችሁ የምታወጡት ሁሉ ወርዶ ታች ይታነቃል፤ እኛ መጀመሪያ ያደረግነው እንዲያ ነበር። ከቱቦው አፍ ላይ ብቻ ዘጠኝ ማዳበሪያ ፌስታልና ደለል ወጣ። ውሃው በድንገት ሲንደቀደቅ ሰዉ እልል አለ። ከቦይ የምታወጡትን ጭቃ ከቦዩ ጠርዝ ራቅ አድርጉት፤ በዚያው ቀንም ጫኑት። ጠርዝ ላይ ካደረ በመጀመሪያው ዝናብ ተመልሶ ይገባል።

ማዳበሪያውን ከግማሽ በላይ እንዳትሞሉ። እርጥብ ቆሻሻ ከባድ ነው። ሙሉውን ሁለት ሰው እንኳ አንስቶ መኪና ላይ መወርወር አይችልም፤ ወገብ የሚሰበረውም እዚያ ላይ ነው።

መኪናው 2 ሰዓት ተኩል ላይ ቆሞ ነበር። ክምር የሚባል ነገር እንዳይኖር ከማዳበሪያው ቀጥታ ወደ መኪናው አደረግነው። ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። በሁለተኛው ምልልስ ጎማ ፈንድቶበት ቢዘገይም ሁለተኛው መኪና ተጠርቶ ደረሰ። 4 ሰዓት ከ40 ላይ የመጨረሻው ጭነት ወጣ። 5 ሰዓት ላይ ሻጮቹ በኖራው መስመር መሠረት ቦታ ቦታቸውን ይዘው ነበር። በተባለው ሰዓት መጨረስ ለሚቀጥለው ጊዜ የምታገኙት ፈቃድ ነው። ጥግ ላይ ያልተጠረገ ቢቀር እንኳ ተዉት፣ ሰዓቱን ግን አታሳልፉ።

የወጣውን ሁሉ ቆጥረን ጻፍን። እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካ የቴክሳስ የባሕር ዳርቻ 2,800 ሰዎች ሲያጸዱ እያንዳንዱን ያነሱትን ነገር በካርድ ላይ መዝግበው ነበር። እሱን አንብቤ ነው የወሰድኩት። የእኛ ዝርዝር 187 ማዳበሪያ ይላል፤ ከዚያ 96ቱ የቅጠል፣ 41ዱ የጭቃ፣ የቀረው ድብልቅ። ይህ ወረቀት በኋላ ከማንኛውም ፎቶ በላይ ጠቅሞናል። ስለ መኪናው ሰዓት ለመጠየቅ አስተዳደሩ ጋ ስንሄድ የያዝነው እሱን ነበር። የገንዘቡንም ነገር አንርሳ። ማን ምን እንዳዋጣና በምን ላይ እንደዋለ ጽፈን በማግሥቱ በገበያው በር ላይ ለጠፍነው። ማንም ሳይጠይቃችሁ አድርጉት።

ከዘመቻው በኋላ የሠራነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው በርሜል። ሻጮቹ አዋጥተው በየተራው በርሜል ተቀመጠ፤ 340 እርምጃው ወደ ሃያ ወረደ። መጀመሪያ ሙሉ በርሜል አስቀመጥን፤ ባለ 200 ሊትሩን። ሲሞላ ማንም ሊያነሳው አልቻለም፣ ሳምንት ሳይሞላው ገምቶ ሸተተ። አስቆረጥነው። አሁን አንዱ በርሜል ሁለት ሆኗል። ስሩ የተበሳሳ ነው ውሃው እንዲወርድ፣ ክዳንና ሁለት እጀታ አለው። ማን እንደሚደፋው በተራ ተጽፏል። በርሜል ከማስቀመጣችሁ በፊት የሚደፋውን ሰው ወስኑ።

ሁለተኛው የመኪናው ሰዓት ነው። 140 ሻጮች የፈረሙበት ደብዳቤ ከቆጠራው ወረቀት ጋር አስገባን። አራት ጊዜ ተመላለስን። ሁለት ወር ፈጀ። አሁን መኪናው የሚመጣው ማታ ገበያው ሲበተን ነው። ይህ ከዘመቻው ቀን ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ ግን ዘመቻው ባይኖር ማንም አይሰማንም ነበር።

ሁሉም ተስተካክሏል አልላችሁም። ከጀርባ ያለው ጥግ እስከ ዛሬ ይሞላል፤ የውጭ ሰዎች ሌሊት እያመጡ ይደፉበታል። መብራት እንዲገባለት እየጠየቅን ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ትልቅ ዝናብ ግን ወደ ታችኞቹ መደቦች አልገባም። ያን ሌሊት ተነስቼ ነበር። በጠዋት ጫማዬን ሳላስር ሄድኩ። ያቺ እናት ዕቃቸውን እየዘረጉ ነበር፤ ስሩ ደረቅ ነው። አዩኝና በአገጫቸው ወደ በርሜሉ አመለከቱኝ።

«ልጄ፣ ክዳኑ ተነቅሏል። ዝንብ ሳይገባበት ቶሎ አሠሪው።»

በርሜሉን አገላብጬ አየሁት። ማጠፊያው ነው የተሰበረው። ክዳኑን ይዤ ወደ ብየዳ ቤት ሄድኩ።